ትከሻዋ ላይ የቀረው እጅ

በ1997 ዓ.ም. ክረምት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሦስት ወር ኮምፒውተር ከተማርኩ በኋላ፣ ገርጂ ውስጥ አንዲት ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ከመብራት ኃይል ብዙም አትርቅም። ስፋቷ ሦስት እርምጃ በስድስት ቢሆን ነው። ከፊት የመስታወት ባንኮኒ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ፎቶ ማንሻው ነበር፤ ሁለት መብራት፣ አንድ ዱካ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ፏፏቴና ድልድይ የተሳለበት ሸራ። የእኔ ቦታ ከሸራው ጎን ያለችው ጥግ ነበረች። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሊያርፍ በላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የባንኮኒው መስታወት ይንጫጫል። ባለቤቱ ካሜራው ላይ እንዳጎነበሱ እጃቸውን አንሥተው «ቆይ፣ ይለፍ» ይላሉ። ደንበኛው አገጩን እንዳቀና ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

ባለቤቱን ጋሼ እንላቸው ነበር።

ያኔ ገርጂ ግማሹ ሠፈር፣ ግማሹ ግንባታ ነበር። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያው ነው። ወደ አዲስ ቤት የሚገባ ሰው ባዶ ግድግዳ ይጠብቀዋል፤ ብዙው ደንበኛችን የሚመጣው ለዚያ ግድግዳ ነበር። የሠርጉን ፎቶ ያሳድጋል፣ የወላጆቹን ጉርድ ፎቶ ፍሬም ያስገባል። የዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግሞ ጋዋናቸውን ለብሰው ይመጡና፣ በተለያየ ቀን የተነሡ አምስት ጓደኛሞችን ጎን ለጎን እንድናቆምላቸው ይጠይቁናል። እኔ ሥራው ይኼ ይመስለኝ ነበር። የፎቶ ቤት ትልቁ ሥራ ከሐዘን ጋር እንደሆነ የገባኝ አንዲት እናት መታወቂያ ይዘው የመጡ ቀን ነው።

ጥቁር ለብሰዋል። ከነጠላቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር ፈትተው የቀበሌ መታወቂያ አወጡ። «ልጄ፣ ከዚህ ሌላ ፎቶ የለውም። ለአርባው አሳድግልኝ» አሉኝ። ጋሼ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉና መታወቂያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የእናትየዋ ባል ፎቶ ነበር። ጥቁርና ነጭ፣ 3 በ 4። የቀበሌው ማኅተም ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ ፎቶው ላይ አርፏል። ወይን ጠጅ ቀለሙ ከኮቱ ክሳድ ተነሥቶ አገጩን አቋርጧል፤ ክቡ ላይ ያሉት ፊደላት ጉንጩ ላይ ይነበባሉ።

በ1200 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ፣ ስካን አደረግሁት። ሦስት ሳንቲ ሜትር የነበረው ስፋት ወደ 1,400 ፒክስል ገደማ ሆነ። በ30 በ 40 ሲታተም ለአንድ ኢንች 120 ፒክስል ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ድንኳን ውስጥ ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚታይ ፎቶ ይበቃል። ከዚያ በላይ ስካን ቢደረግ የሚጨመረው የወረቀቱ ሻካራነት እንጂ የሰውየው መልክ አይደለም። ቀጥዬ የፎቶሾፕን ክሎን ስታምፕ፣ ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላውን የሚሸፍነውን መሣሪያ፣ አንሥቼ ማኅተሙን ከጫፍ ጀምሮ ልፋቅ ስል፣ ጋሼ ትከሻዬን ያዙኝ።

«መጀመሪያ ቀለሙን በቀለሙ አጥፋው።»

እሳቸው በፊልሙ ዘመን የደበዘዘ ፎቶ ላይ የፈሰሰ ሰማያዊ ቀለም ሲገጥማቸው፣ ሌንሱ ላይ ሰማያዊ ማጣሪያ አድርገው ፎቶውን መልሰው ያነሡት ነበር። ሰማያዊ በሰማያዊ ሲታይ ይነጣልና። ፎቶሾፕ ውስጥም ያው ነው። አንድ ምስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በሚባሉ ሦስት ቻናሎች ይከፈላል። ቀዩን ስከፍት ማኅተሙ አለ። አረንጓዴውን ስከፍት ጥላሸት መስሎ ጠቆረ። ሰማያዊውን ስከፍት ግን ፊደላቱ እንደ ጉም ሳሱ፤ የሰውየው ጉንጭ ወጣ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለነበር አንዱ ቻናል ብቻውን በቂ ነው። የቀረችውን ጥቂት ጥላ በስታምፑ አጸዳሁ። የመሣሪያው ምልክት ራሱ እጀታ ያለው የቢሮ ማኅተም ነው፤ የመንግሥትን ማኅተም በማኅተም ስፍቅ ውዬ አመሸሁ።

በሦስተኛው ቀን እናትየዋ መጡ። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አገጩ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ምልክቱ የት ሄደ?» አሉኝ። ከማኅተሙ ቀለም ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። የቀለም ጠብታ መስላኝ ከሌላው ጋር ጠርጌአታለሁ። «እኔ እሱን የማውቀው በሷ ነው» አሉ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።

ጋሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ፋይሉን ከፈቱ። ከስክሪኑ በስተቀኝ ካለው የሌየር፣ ማለትም እርስ በርስ የሚደራረቡ የምስል ንብብሮች፣ ዝርዝር፣ እኔ ማጽጃውን የሠራሁበት ሌየር አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጫኑ። ዓይኗ ስትጠፋ እኔ የሠራሁት ሁሉ አብሮ ጠፋ፤ ነጥቧ ቦታዋ ላይ ናት። መልሰው አበሩት፤ ከእኔ ሥራ ላይ የነጥቧን ስፋት የምታህል ቀዳዳ ብቻ በላጲሱ ከፈቱ። ሰውየው ምልክቱን አገኘ። ሥራው የዳነው እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስካኑ ላይ በቀጥታ አንዳች እንዳልነካ ስላስማሉኝ ነው። የሚጨመር፣ የሚጠረግ፣ የሚደበቅ ነገር ሁሉ በአዲስ ሌየር ላይ፣ ከላይ፤ ሥር ያለው እንደመጣ ይቆያል።

ጋሼ ይኼንን ከኮምፒውተር አልተማሩትም። በወጣትነታቸው ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የሪተሽ ሠራተኛ ነበሩ። ኔጋቲቩን ከበስተጀርባው ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ላይ አሳርፈው፣ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ የፊት መጨማደድን ይሞላሉ፤ የጠቆረውን በምላጭ ጫፍ ይፍቃሉ። ምላጩ አንድ ጊዜ ካለፈ የተፋቀው አይመለስም። አንድ ሙሽራ ቅንድቧን አጥታ እንደቀረች እየነገሩኝ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አልፎትም አልረሱትም።

ታሪክም ይወዱ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ እንደነበሩ፣ ልጆቻቸው ሐይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው እንደቀጠሉ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ጊዜ ስለተወራለት ፎቶግራፍም ደጋግመው ያነሡ ነበር። ወጣቱን መስፍን በሙስሊም አለባበስ የሚያሳየው ያ ፎቶ የተቀናበረ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም ከታሪክ ጸሐፊዎች አልወጣም። ለጋሼ ትምህርቱ ከፖለቲካው ይልቅ ሙያው ላይ ነበር። ያኔ ፎቶ ለማቀናበር ወረቀት በመቀስ ይቆረጣል፣ በሙጫ ይለጠፋል፣ ስፌቱ በቀለም ይሸፈናል፣ ከዚያ በካሜራ መልሶ ይነሣል። አዲሱ ኔጋቲቭ ከተገኘ በኋላ የተቆረጠውን የሚጠይቅ የለም። «ዋናው ቢገኝ ኖሮ ክርክሩ አንድ ቀን አያድርም ነበር» ይሉናል።

ፎቶሾፕን የሠሩት ቶማስና ጆን ኖል የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ቤታቸው ውስጥ ፊልም የሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ነበራቸውና ልጆቹ ያደጉት የኬሚካል ሽታ እያሸተቱ ነው። የመጀመሪያው እትም በ1990 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሌየር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ አንዱን ምስል ሌላው ላይ ከለጠፍከው በኋላ እንደ ሙጫው ዘመን ተጣብቆ ይቀራል። ሌየር የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሦስተኛው እትም ነው። እኛ ጋ የነበረው ሰባተኛው ነበር። ያለፈውን ሥራ ወደኋላ የሚመልስልን እስከ 20 እርምጃ ብቻ ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ 20ውም የለም። ስለዚህ ጋሼ የሌየርን ነገር እንደ ሃይማኖት ነበር የያዙት።

ከሁሉም የማይረሳኝ ሥራ የአንዲት ሙሽራ ነው። አባቷ የሞተው እሷ ገና ስትድህ ነው። ሠርጓ አልፎ ሳምንቱ ላይ መጣችና አንድ ያረጀ ጉርድ ፎቶና የሠርጉን የቤተሰብ ፎቶ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። «አባዬን ከእማዬ አጠገብ አቁሙልኝ።» ጉርድ ፎቶ እግር የለውም። የትም ሊቆም አይችልም። እኔ የሌላ ሰው እግር ፍለጋ ላይ ነበርኩ፤ ጋሼ የተቀመጡትን እናት አይተው «ከወንበሩ ጀርባ ይቁም» አሉ። እግሩን የሚጠይቅ የለም ማለት ነው።

ቀጥሎ የብርሃኑ ነገር መጣ። ጉርዱ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሣ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል። ሠርጉ ደጅ፣ አትክልት ቦታ ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ከቀኝ ናት። ቀላሉ መንገድ የአባትየውን ምስል ግራና ቀኙን ማገላበጥ ነው። አገላበጥኩት። ብርሃኑ ገጠመ። ጋሼ ግን የኮቱን ቁልፍ አሳዩኝ፤ እንደ ሴት ኮት ወደ ተቃራኒው ይዘጋል። የጸጉሩ ክፍያም ጎኑን ቀይሯል። «ሚስቱ ታውቀዋለች» አሉ። መለስኩት። ከዚያ በኋላ በሌላ ሌየር ላይ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ በቀኝ ጉንጩ ላይ ብርሃን በግራው ላይ ጥላ ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ፎቶው አሮጌ ስለሆነ ለስለስ ያለ ነው፣ የሠርጉ ደግሞ ስል ነው፤ ጋሼ አባትየውን ስል ለማድረግ እንዳልሞክር ከለከሉኝ። ከኋላ የቆመ ሰው ትንሽ ቢደበዝዝ ዓይን አይከፋውም።

ፈተናው ነጠላው ነበር። እናትየዋ በሀበሻ ቀሚስ ላይ ነጠላ ተከናንበዋል። አባትየውን ከኋላቸው ለማስገባት እሳቸውን ከአትክልቱ መለየት አለብኝ። ነጠላ ግን እንደ ኮት ጠርዝ የለውም። ሳስቶ፣ ሳስቶ፣ በዘርፉ ያልቃል፤ በውስጡም ከኋላው ያለው ነገር ይታያል። በስል መስመር ከቆረጥኩት ካርቶን ይመስላል። ጠርዙን ካለሰለስኩት ዘርፉ ይጠፋል። ብዬ ብዬ ቆርጬ አባትየውን ሳስገባ፣ በነጠላው ውስጥ የአትክልቱ አረንጓዴ እንደ ሻጋታ ይታያል፤ ከጥቁር ኮት ፊት ያለ ነጠላ እንዴት አረንጓዴ ይሆናል?

ማስክ የሚባለውን በትክክል የተማርኩት በዚያ ነጠላ ነው። ላጲስ ያጠፋል፤ ማስክ ግን ይጋርዳል። ማስኩ ላይ ጥቁር ስትቀባ ምስሉ ይደበቃል፣ ነጭ ስትቀባ ይመለሳል፣ ግራጫ ስትቀባ ደግሞ በከፊል ያሳልፋል። ነጠላ ግራጫ ነው። እጥፍ በሆነበት ወደ ነጭ፣ በሳሳበት ወደ ጥቁር እየለዋወጥኩ፣ ዘርፉን ክር በክር ተከተልኩ። አረንጓዴውን ቀለም በሌላ ሌየር አፈዘዝኩት። የጥበቡን ጫፍ ብቻ እንደነበረ ተውኩት። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ የሰውየው ጥቁር ኮት በሚስቱ ነጠላ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይታይ ጀመር። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የእኔን ሻይ ከፈሉ።

እናትየዋ ፎቶውን ለመውሰድ ከልጃቸው ጋር መጡ። ሙሽራዋ አለቀሰች። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ባላቸውን አዩትና «እሱ ልጅ ሆኖ ቀረ፣ እኔ አረጀሁ» አሉ። እውነት ነበር። በጉርዱ ላይ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እሳቸው ከሃምሳ አልፈዋል። ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ባላቸው ልጃቸው ይመስል ነበር። ያንን የሚያርም መሣሪያ ያኔ ፎቶሾፕ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮም እንዳልነካው እጸልይ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በ1999 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፣ የአሜሪካው ዲቪ ሎተሪ መሙያ ወቅት ነበር። ያኔ ገርጂ ላይ ያለ ፎቶ ቤትና ኢንተርኔት ቤት ሁሉ ደጁ በሰው ይሞላ ነበር። የዲቪ ፎቶ ሥራው ክሮፕ ብቻ ነው፤ ፊትን መሀል ማድረግ፣ በተባለው ልክ መቁረጥ። ዛሬ 600 በ 600 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ፣ ራስ ከምስሉ ቁመት ከግማሽ እስከ 69 በመቶ የሚይዝ ነው የሚባለው። ፎቶውን ማስዋብ ክልክል ነው፤ ጋሼ የዲቪ ደንበኛን ብጉር እንኳ አያስነኩንም ነበር፣ «ያ ሰው የሚጓዘው በገዛ ፊቱ ነው» እያሉ። በቀን ስድሳ፣ ሰባ ሰው እቆርጣለሁ። እጄ ሳያስብ ይሠራል። ክሮፕ፣ ጎትት፣ ኢንተር። ክሮፕ፣ ጎትት፣ ኢንተር።

በዚያ ግርግር መሀል አንዲት ወጣት እናት አምስት ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ እጇን አስይዛ ገባች። 10 በ 15 የሆነ የቀለም ፎቶ ይዛለች። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ያው ልጅ፣ ገና ሕፃን ሆኖ፣ ጭኗ ላይ ነው፤ በስተግራዋ አንድ ቀጭን ሰው ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፏል። «እሱን አውጣው። እኔና ልጁ ብቻ እንቅር» አለችኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኋትም። በእኛ ሥራ አይጠየቅም።

በ300 ዲፒአይ ስካን አደረግሁ። ፎቶሾፕ አንድን ፎቶ ሲከፍት «ባክግራውንድ» ብሎ የሚጠራው አንድ ሌየር ላይ ያስቀምጠዋል፤ አጠገቡ ትንሽ የቁልፍ ምልክት አለች። እኛ ጋ በነበረው እትም፣ ያ ቁልፍ እስካለ ድረስ፣ ክሮፕ ስታደርግ ከፍሬሙ ውጭ የቀረው ይጠፋል። ስሙን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገህ ተራ ሌየር ካደረግኸው ግን ክሮፑ እንዲቆርጥ ሳይሆን እንዲደብቅ ልታዝዘው ትችላለህ። ከጠርዙ ውጭ ያለው ሰው በፋይሉ ውስጥ ቆሞ ይቆያል፤ በፈለግኸው ቀን «ሪቪል ኦል» ብለህ ትጠራዋለህ። የጋሼ ሁለተኛው ሕግ ይኼ ነበር፤ «መጀመሪያ ቁልፉን ክፈት።» ሁለት ክሊክ ነው።

አልከፈትኩትም። ከኋላዬ የዲቪ ሰልፍ ነበር። ፍሬሙን ከትከሻዋ ጫፍ አልፌ ጎተትኩ፤ ኢንተር። ሰውየው ሄደ።

እጁ ግን ቀረ። አራት ጣት፣ አንዱ ላይ ቀለበት፣ የሴትዮዋ ሰማያዊ ሹራብ ላይ። ሰውን ከቡድን ፎቶ ያወጣ ኤዲተር ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያስቸግረው ሰውየው አይደለም፣ የነካው ነገር ነው። አዲስ ሌየር ከፈትኩ። ይኼን እንኳ በልማድ ነው ያደረግሁት። ክሎን ስታምፑን ከታች ያለውንም እንዲያነብ አዘዝኩና፣ ከሹራቡ ደረት ላይ የጥልፉን መስመር እየቀዳሁ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሸፈንኳቸው። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ጥሩ ሥራ ነበር። ምንም አይታወቅም።

ሴትዮዋ ከሰዓት መጣች። አዲሱን ፎቶ አየች፣ ትከሻዋን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አሮጌውን ፎቶ ከኤንቨሎፑ አወጣችና ለሁለት፣ ለአራት ቀደደችው። ቁራጮቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልጁ የፕላስቲኩን አበባ ይነካካ ነበር። ሲወጡ ጋሼ ከረሜላ ሰጡት።

ማታ ሥራውን ወደ ሲዲ ስገለብጥ ጋሼ የሌየሮቹን ዝርዝር አላዩም፤ ብቻ «ቁልፉን ከፍተሃል?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር ዋናውን ስካን አጥፍቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። መብራት በፈረቃ የሆነበት ጊዜ መጣ፤ ቀጥሎ ካሜራ ያለው ስልክ በየእጁ ገባ። ለጉርድ ካልሆነ ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው እየጠፋ ሄደ። በ2005 ዓ.ም. ጋሼ የቤቱን ቁልፍ ለአከራዩ አስረከቡ። ካሜራቸውን ለራሳቸው ያዙ፤ ሁለት ካርቶን ሙሉ ሲዲ ለእኔ ሰጡኝ። እያንዳንዱ ላይ ወሩና ዓመቱ በማርከር ተጽፏል። «የሰው ነው፣ አትጣለው» አሉኝ። እኔ ማተሚያ ቤት ገባሁ፤ ካርቶኖቹ በየተከራየሁበት ቤት አልጋዬ ሥር ተከተሉኝ።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ረጅም ወጣት ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣ። የገርጂ ሰዎችን ጠይቆ ነው ያገኘኝ። «እናቴ ናት የላከችኝ» አለ። አባቱ ክፍለ ሀገር ሞቷል። ቀብሩ እዚያው ተፈጽሟል፤ መርዶው ደርሷቸው ድንኳን ተክለዋል። ልጁ አባቱን በመልክ አያስታውሰውም። በለቅሶ ቤታችን የሟች ፎቶ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም፤ አልቃሿ የምትይዘው፣ የመጣው ሁሉ አይቶት የሚያነባው እሱ ነው። እነሱ ቤት ፎቶ የለም። እናቱ ሌሊቱን ስታስብ አድራ «ያ የገርጂው ልጅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይኖረው ይሆናል» ብላዋለች።

ቤቴ ይዤው ሄድኩ። የጥቅምት 1999 ሲዲዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ላይ የለም። ሁለተኛው አልነበብ አለ፤ በእርጥብ ጥጥ ከመሀል ወደ ጠርዝ ጠርጌ፣ በጎረቤት ኮምፒውተር ሞክሬ፣ በመጨረሻ ተከፈተ። ፋይሉ እዚያ ነበር። እናትና ልጅ። ወጣቱ ወንበሩን አስጠግቶ አብሮኝ ያያል።

ዝርዝሩ ላይ ሁለት ሌየር አለ። ከላይ የእኔ እርማት፤ ከሥር «ባክግራውንድ»። አጠገቡ ቁልፉ አለ። ቁልፉን እንዳየሁ አውቄዋለሁ፤ ቢሆንም «ሪቪል ኦል» ተጫንኩ። ምንም የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። መልሼ ተጫንኩ። ከዚያ ልጁን ማየት ነበረብኝ። «የለም» አልኩት። «ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ማስቀረት እችል ነበር፤ አላስቀረሁትም።»

ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ «እዚህ ጋ ነበር የቆመው?» ብሎ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ያለውን የፕላስቲክ ክፈፍ ነካ።

ያኔ ነው የእጁ ነገር ትዝ ያለኝ። የላይኛውን ሌየር ዓይን አጠፋሁት። እናቱ ሹራብ ላይ አራት ጣቶች ወጡ፤ ቀለበቱም አለ። እጁ ከአንጓው ላይ በፍሬሙ ጠርዝ ተቆርጧል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ልጁ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «የሱ ነው?» አለኝ። «የሱ ነው» አልኩት። ዙም አደረግሁለት። ከሁለት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ እጅ ነው፤ ብዙ ሲጎላ ወደ ካሬ ካሬ ይበታተናል። ሳይበታተን ሊታይ የሚችልበት ልክ ላይ አቆምኩት። ጥፍሮቹ ይታዩ ነበር። አውራ ጣቱ ከትከሻዋ ጀርባ ስለዋለ አይታይም።

13 በ 18 አድርጌ አተምኩለት፤ እናቱን፣ ራሱን፣ ያንንም እጅ። ብሩን ሲያወጣ አልተቀበልኩትም። በማግሥቱ ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሻማው አጠገብ ቆሟል። እናትየዋ አወቀችኝ። አጠገቧ ያሉትን ሴቶች ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። ስለ ፎቶው አንድም ነገር አልተነጋገርንም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ጋሼ ቤት ሄጄ ያኔ የዋሸኋቸውን ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስክሪን ማየት አይችሉም። እንደ ድሮው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ሲዲዎቹን አየሃቸው?» ብቻ አሉኝ። አሁን ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጫለሁ፤ ያልተነበቡልኝ አሥራ አንድ ናቸው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. መካከል ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ ፎቶ ያሳደጋችሁ፣ ያስጠገናችሁ ወይም ሰው ያስወጣችሁ ካላችሁ፣ ፋይላችሁ ሊኖር ይችላል፤ ኑና ጠይቁ። የዚያችን እናት ፋይል ደግሞ የእርማቱን ሌየር ዓይን እንዳጠፋሁ ነው ያስቀመጥኩት።